ቱቦ የፈታው ሽማግሌ

በእኛ ሰፈር ቀጠሮ የሚያበዛ ሰው ሲገኝ አንድ ተረት ይተረትበትና ሁሉም ይስቃል። ተረቱን እንጂ መነሻውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። መነሻው ውሃ አልወርድ ያለው አንድ ሲንክ ነው።

ጋሽ ወንድምስሻ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በደብረ ብርሃን ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያን ቅዳሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው፣ ለእህታቸው ልጅ ለደምለው የአቶ ጥበቡን ልጅ ትርንጎን ሊጠይቁ የልጅቱ ቤተሰብ ወደሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። ልጅቱ ወዳዋለች፤ እናቷም ደስ ብሏቸዋል። አቶ ጥበቡ ግን ቶሎ እሺ ማለት ክብር የሚቀንስ ስለሚመስላቸው ሁለቴ "እንማከርበት" ብለው መልሰዋቸዋል። ሑዳዴ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ዛሬም ቀጠሮ ከተሰጠ ሠርጉ ከፋሲካ ወዲያ ሊሆን ነው፤ ደምለው ደግሞ በመጋቢት ለሥራ ጋምቤላ ይሄዳል።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አቶ ጥበቡ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አጎቶችና ስለ አክስቶች ምክር ማብራራት ሲጀምሩ፣ ከኩሽና ሲንኩ ጉርርር አለ። የጋሽ ወንድምስሻ ጆሮ ቆመ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ዘነቡ ብቅ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ ነገ የአማኑኤል ማኅበር ተረኛ መሆናቸውን፣ ውሃው አልወርድ ብሎም ድስት ማጠብ እንዳቃታቸው ነገሯቸው።

"እስቲ ልየው፤ መቆሜ ካልቀረ" አሉ ጋሽ ወንድምስሻ።

ኮታቸውን ለባልንጀራቸው ለጋሽ መኩሪያ አስይዘው ሲንኩ ሥር ተንበረከኩ። ባልዲ ደቅነው ጎባጣዋን ቱቦ በእጃቸው አዙረው ፈቷት። የሽንኩርት ልጣጭና የረጋ ቅባት ዱብ አለ። ቱቦዋን ጠራርጎ መልሶ መግጠም የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ቱቦዋን እንደያዙ ሳሎን ተመለሱ።

አቶ ጥበቡ ንግግራቸውን እየቋጩ ነበር፤ ዘመድ አማክረው ከወር በኋላ መልስ እንደሚሰጡ።

"ተገቢ ነው" አሉ ጋሽ ወንድምስሻ ጎንበስ ብለው። ቱቦዋን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመሩ። "እኛም ያኔ ይዘናት እንመጣለን።"

"ኧረ ይግጠሟት እንጂ ጋሼ" አሉ ወይዘሮ ዘነቡ።

"እሷም እኮ ዘመድ አላት እመቤቴ። ሳናማክር ብንገጥማት ይቀየሙናል።"

አቶ ጥበቡ ተቆጡና ሌላ ቧንቧ ሠሪ እንደሚያስጠሩ ዛቱ። ጋሽ ወንድምስሻ የከተማው ቧንቧ ሠሪ ሁሉ እሳቸው ያስተማሩት መሆኑን በትሕትና አስታወሱ። ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ የታፈነ ሳቅ ተሰማ፤ ትርንጎ ነበረች።

ወይዘሮ ዘነቡ ባላቸውን ትክ ብለው አዩ። "ጥበቡ፣ ነገ ለዚያ ሁሉ ማኅበርተኛ ድስቱን በምላሴ ላጽዳው? ወይ ልጅቷን ስጥ፤ ወይ ባልዲህን ይዘህ ሲንኩ ሥር አንተ ተቀመጥ።"

አቶ ጥበቡ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥለው ሚስታቸውን፣ በመጨረሻም የተጠቀለለችውን ቱቦ አዩ። ከዚያ ወደ ወንበሮቹ እጃቸውን ዘረጉ።

"በሉ ተቀመጡ፤ ሰጥቻለሁ።"

ሁለቱ ተቀመጡ። ጋሽ ወንድምስሻ ግን አቶ ጥበቡ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብለው ነው መሰል በቀጥታ ወደ ኩሽና ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ውሃው ሽው ብሎ ሲወርድ ተሰማ። ጋሽ መኩሪያ የባልንጀራቸውን ኮት ጉልበታቸው ላይ እያጣጠፉ፣ "ወትሮስ ቢሆን" አሉ፣ "ቱቦ የፈታ ሽማግሌ በቀጠሮ አይመለስም።"