የክረምቱ ገለፈት

በአንድ ወቅት ጣሪያው፣ ዛፉ፣ የመንገደኛው ሽፋሽፍት ሳይቀር በሲሚንቶ ብናኝ የነጣ ከተማ ነበር። የከተማው ሰው እንጀራ የሚበላው ከሲሚንቶ ፋብሪካው ምድጃ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከበላይ ጥብቅ ትእዛዝ መጣ፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካልያዛችሁ ምድጃው ይዘጋል የሚል። ምድጃው ተዘጋ ማለት ከተማው ጦሙን አደረ ማለት ነው። ሰው ደግሞ ጭሱን እንጂ ካርቦኑን አይቶት አያውቅም። የማይታይ ነገር ያዙ መባል እንዴት እንደሚጨንቅ አስቡት።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኮረብታው ላይ፣ አንድ የምርምር ተቋም አለ። እዚያ ዶክተር እታፈራሁ የምትባል የኬሚካል መሐንዲስ ትሠራ ነበር። ሥራዋ ገለፈት መሥራት ነው። ገለፈቱን ከወረቀት የሳሳ፣ ጋዝ የሚለይ ወንፊት በሉት፤ ጭሱ በአንድ ወገን ሲገባ ካርቦኑን ወደ ሌላው ወገን አሳልፎ የቀረውን ይመልሳል። አሠራሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። የተበጠበጠውን ፈሳሽ መስታወት ላይ ያፈሱታል፣ በስለት ያሳሱታል፣ ጥቂት አየር ያስነኩትና ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ሲሠሩት ግን ያስለቅሳል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ካረፈችበት ተበሳ፣ አለቀለት። ስለዚህ እታፈራሁ ራሷ ያወጣችው ሕግ ነበር፤ ገለፈት ሲሠራ መስኮት አይከፈትም። ለተማሪ ስታስተምር የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነው።

ውሎ አድሮ ተማሪዎቹ ተመርቀው ሄዱ። ባልደረቦቿም ገሚሱ ጡረታ ወጣ፣ ገሚሱ ተዛወረ። ባሏን ቀብራለች፣ ልጅ አልወለደችም። አንዳንድ ቀን ከጠዋት ጀምራ ቃል ሳትተነፍስ ትውልና ስትወጣ ለዘበኛው «ደህና እደር» ለማለት አፏን ስትከፍት ድምፅዋ ሻክሮ ይወጣል። ሰውየው የታመመች እየመሰለው «ይማርዎት» ይላታል። ሕመም አልነበረም። ብቻዋን መሆኗ ነው፤ እሱን ደግሞ ለዘበኛ አይነግሩትም።

ክረምት ገባ። ዝናቡ ብናኙን መሬት ላይ አጣበቀው። ከመስኮቷ ሥር ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች የሚያልፉበት መንገድ አለ። እታፈራሁ ፈሳሹን መስታወቱ ላይ አሳስታ ስታበቃ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተችው። «በዝናብ ምን አቧራ አለ» ብላ ራሷን አሳመነች። እውነቱን ለመናገር የፈለገችው የሰው ድምፅ ነበር። ሁለት ሴቶች ስለ አንዲት የታመመች ላም እየተከራከሩ ሲያልፉ ሰማችና ደስ አላት። የዚያን ቀን የሠራችው ገለፈት በዕድሜዋ አይታ የማታውቀውን ያህል ካርቦን ለይቶ አሳለፈ። ለምን እንደሆነ አላወቀችም። መስኮት መክፈቷንም ለማንም አልተናገረችም። ያወጣችውን ሕግ ሰው ናፍቋት ጣሰችው ከምትባል ብትሞት ትመርጣለች።

ሁለተኛው ሰው ላቀው ነው፤ የፋብሪካው የምድጃ መሐንዲስ፣ ቁጡ፣ ወሬ የማያስረዝም። እስከዚያ ቀን ገለፈቱ የተሞከረው ላቦራቶሪ ውስጥ በንጹሕ ጋዝ ስለነበር የፋብሪካው ሰዎች ይቀልዱበታል። ላቀው ግን «ስጡኝ፤ ጭሱ ላይ አስሬ አየዋለሁ» አለ። ገለፈቱን በብረት ማቀፊያ አድርጎ የጭስ ማውጫው ወገብ ላይ ወጣና ጭሱን ለቀቀበት። የካርቦን መለኪያ መሣሪያው ገና ሲለካ የማቀፊያው ማሰሪያ ላላ፤ የጋለ ጭስ በጎን ይፈስ ጀመር። ትቶት ቢሸሽ ገለፈቱ ይቀደዳል፤ ሌላ ደግሞ የለም። ላቀው ማቀፊያውን በቀኝ መዳፉ ተጭኖ ያዘው፤ ልኬቱ እስኪያበቃ ድረስም አላነሣም። ገለፈቱ በእውነተኛ ጭስ ውስጥ እንደሚሠራ ታየ። የላቀው ጣቶች ግን ከዚያ ወዲህ አይጨብጡም።

እታፈራሁ ክሊኒክ ድረስ ሄዳ ጠየቀችው።

«ምን አስጨነቀህ? ሌላ እሠራልህ አልነበር?»

«እሱን ነው ያላመንኩት፣ ዶክተር» አለ ላቀው እየሳቀ።

ያለው አልቀረም። ፋብሪካው «በሉ ጨምሩልን» ሲል በጋ ገብቶ ነበር። ብናኙ ስለተነሣ እታፈራሁ መስኮቷን ጥርቅም አድርጋ ሠራች። ገለፈቱ አልለይ አለ። ደግማ ሠራች፣ ፈሳሹን ቀየረች፣ ስለቱን አስቀየረች፣ ወይ ፍንክች። ሰው ማማት ጀመረ። አጋጣሚ ነው አሉ፤ ለክብር ብላ የፈጠረችው ነው ያሉም አልጠፉ። ይህንን ሁሉ ቻለችው። ያልቻለችው «ላቀው እጁን ያጣው በከንቱ ነው» ሲሉ መስማት ነው።

ሦስተኛዋ ረድኤት ናት። ሩቅ ካለ ዩኒቨርሲቲ የመጣች ወጣት መምህርት ስትሆን የተላከችው በቀጣዩ ክረምት ነገሩን አጣርታ እንድትናገር ነበር። እታፈራሁ መርማሪ መጣችብኝ ብላ ፈርታ ነበር። ረድኤት ግን ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አብረው ሲሠሩ፣ አብረው ሲያወሩ ይውላሉ። የእታፈራሁ ሳቅ ኮሪደሩ ላይ ይሰማ ጀመር። ያቺ ሴት ለካ ተጫዋች ናት።

ችግሩ፣ አብረው የሠሩት ገለፈት ሁሉ ይበላሻል። ረድኤት ወደ ከተማ ወርዳ ስትመለስ ግን ያማረ ገለፈት ተሠርቶ ይጠብቃታል። ሌላ ሰው ቢሆን «ይቺ ሴትዮ የደበቀችኝ ነገር አለ» ብሎ በዚያኑ ዕለት ሪፖርቱን ይጽፍ ነበር። ረድኤት አልቸኮለችም። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ «ፖስታ ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣችና ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለ ጣሪያ ሥር ተጠልላ ቆመች። ጥቂት ቆይቶ መስኮቱ ሲከፈት አየች። እየሮጠች ተመለሰች።

«መስኮቱን ለምን ከፈቱት?»

እታፈራሁ እጇ ላይ የቀረውን ፈሳሽ ጠረገች። «ሰው እንዲሰማኝ ነው።»

«እኔ ስኖር ግን አይከፍቱትም።»

«አንቺ ካለሽ ምን ያደርግልኛል?»

ረድኤት አልሳቀችባትም። ዝናብ ያበሰበሰውን ነጠላዋን እያየች አሰበችና ገባት። ፈሳሹ ውሃ ውስጥ ከመነከሩ በፊት የሚያስፈልገው እርጥብ አየር ነው፤ ቀዳዳዎቹን የሚያስተካክለው እሱ ነው። መስኮቱን ዘጋች፣ ማንቆርቆሪያ ጥዳ ክፍሉን በእንፋሎት አረጠበችው፣ ሠሩ። ያማረ ገለፈት ወጣ። ከዚያ ወዲህ በበጋም በክረምትም ማንም ይሠራዋል። ሐሜቱ ቆመ፣ ምድጃውም ከመዘጋት ተረፈ።

አሁን ወደ ጭንቁ እንምጣ። ፋብሪካው ግቢው ውስጥ የገለፈት መሥሪያ አስገነባ፤ ብዙ ወጣቶችም ተቀጠሩ። በሩ ላይ የአንድ ሰው ስም ይጻፋል፣ ያ ሰው ከወጣቶቹ ጋር እየዋለ ሥራውን ይመራል። ፋብሪካውና ተቋሙ የተዋዋሉት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ላቀው ካልተመረጠ፣ በዚያ እጁ ጭስ ማውጫ ላይ መውጣት ስለማይችል አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ይቀመጣል፤ ምድጃ ግን ዳግም አያይም። ረድኤት ካልተመረጠች ላቦራቶሪ ወደሌለው ዩኒቨርሲቲዋ ተመልሳ ያገኘችውን በጥቁር ሰሌዳ እየሳለች ትኖራለች። እታፈራሁ ካልተመረጠች ወደ ኮረብታው ክፍል ትመለሳለች። ያ ክፍል ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

መራጩ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ውብሸት ነው። ሦስቱን አስጠርቶ አንዳንድ ጥያቄ ጠየቃቸው።

«ዶክተር፣ መስኮቱን ሲከፍቱ ገለፈቱን እንደሚያሳምረው ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» አለች እታፈራሁ። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። «ግን ከእኔ በፊት የሠራው የለም።»

«አንቺስ ረድኤት፣ የእሳቸውን ባታዪ ታገኚው ነበር?»

«አላገኘውም። ግን ያንን መስኮት ስንት መንገደኛ እያየ አላወቀውም።»

«ላቀውስ?»

«እኔ መሥራቱንም ማወቁንም አልችልበትም። ያን ቀን እጄን ባነሣ ግን ዛሬ የምንሟገትበት ነገር አይኖርም።»

አቶ ውብሸት «ምሳ ብሉና ኑ፤ ስትመለሱ እነግራችኋለሁ» አላቸው።

ወደ ሠራተኞቹ ክበብ ሄደው ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱም በአንድ ትሪ ቀረቡ። ላቀው በቀኙ መቁረስ ስለማይችል ረድኤት እየጠቀለለች ታጎርሰዋለች፣ እሱም «ይቺ ልጅ ልታንቀኝ ነው» እያለ ይነጫነጫል። እታፈራሁ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አንድ ነገር ገባት። ስትመኘው የኖረችው ይኸው ፊቷ ነው፤ የማንም ስም ቢጠራ ግን እነዚህ ሦስት ሰዎች ዳግም በአንድ ትሪ አይበሉም። «ለእነሱ ይሁን፣ እኔ ይቅርብኝ» ልትል አሰበች። ወዲያው ያ ክፍል፣ ያ የሻከረ ድምፅ ትዝ አላትና አፏ አልታዘዝ አላት። አቶ ውብሸትም ቢሆን ክርክራቸውን ሰማ እንጂ ስለ ክፍሉ ማንም አልነገረውም።

ምሳው አለቀ፤ የአቶ ውብሸት ተላላኪ መጥታ «ትፈለጋላችሁ» አለቻቸው። ሦስቱም እጃቸውን ታጥበው ተነሡ።

ጨዋታዬ እዚህ ላይ ይቁም፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። አንዷ ሳታውቀው ሠራችው፣ አንዱ በእጁ አተረፈው፣ አንዷ አስተውላ ለሁሉም አበቃችው። ብቸኝነት በፍርድ ፊት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውንም እናንተው ጨምሩበት። በሩ ላይ የማን ስም ሊጻፍ ይገባል?