እመት ፍልፈልና ምሰሶ የማይወደው ጣሪያ

ተረት ይዤላችሁ መጣሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁንም ስጡኝ።

ዱሮ፣ ድንጋይና እንጨት እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን፣ እንስሳት ከአንድ ተራራ ሥር ዋሻ ቆፍረው ጨው ያወጡ ነበር። አለቃቸው እመት ፍልፈል ነበረች። ዓይኗ ደካማ ነው፤ ጆሮዋ ግን የድንጋይ ትንፋሽ ይሰማል። ባሏን የዋሻ ጣሪያ ተደርምሶ ገደለባት። ሊያወጣው ሮጦ የገባውም ወንድሙ አብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳታስተምር አታስገባም።

«መጀመሪያ ጣሪያውን በበትር አንኳኩ፤ እንደ ከበሮ ከጮኸ ከሥሩ አትቁሙ። ቀጥሎ ምሰሶ አቁሙ። ምሰሶው ካቃሰተ የያዛችሁትን ጥላችሁ ውጡ» ትላቸዋለች።

አያ ከርከሮ ግን ጉልበተኛ ነውና ይህ ሁሉ ሰለቸው። «ስናንኳኳ ልንውል ነው እንዴ? ደህናው ጨው ያለው ከምሰሶው ጀርባ ነው!» እያለ ያጉረመርማል።

ጣሪያው ይህን ሰማ። ምሰሶ አይወድም ነበርና ከርከሮን ብቻውን ሲያገኘው አባበለው። «አያ ከርከሮ፣ እኔ ተራራ የተሸከምኩ ነኝ። ይህ እንጨት ምን ይረዳኛል? ንቀለውና ጨውህን ውሰድ።»

ከርከሮ አንዱን ምሰሶ ነቀለ፤ ምንም አልሆነ። ሁለተኛውን ነቀለ፤ አቧራ ብን አለ። ሦስተኛውን ሲገፋ ምሰሶው «ከበደኝ! አያ ከርከሮ፣ ከበደኝ! ውጣ!» ብሎ ጮኸ።

«ቆይ፣ ይቺን ብቻ» አለ ከርከሮ። ጣሪያው ተናደበት።

እንስሳቱ ደንግጠው ወደ ዋሻው ሮጡ። እመት ፍልፈል መግቢያው ላይ ተገትራ «ማንም አይግባ!» አለች።

የከርከሮ ሚስት እየጮኸች ገፋቻት። «ልቀቂኝ! ድምፁ ይሰማኛል!»

«እኔም ይሰማኛል፣ እህቴ። በሕይወት እንዳወጣልሽ ነው የማስቆምሽ።»

የእመት ፍልፈል ባል ድምፅም ያን ጊዜ እንዲሁ ከድንጋይ ሥር ይሰማ ነበር። እግሯ ሩጪ ሩጪ አላት። እሷ ግን በትሯን አነሳች።

ጣሪያው ድምፁን አለስልሶ «ግቢ፣ እመት ፍልፈል፤ የሚወድቀው ወድቋል» አላት።

አንኳኳች። ድም! ድም! እንደ ከበሮ ጮኸ።

«አፍህ ይዋሻል፤ ሆድህ ግን አይዋሽም። ምሰሶ አቀብሉኝ!»

ጃርት ከኋላዋ እየተከተለች አቀበለቻት። አቆመች፣ ጥቂት ገባች፣ አንኳኳች። ደግማ አቆመች፣ ገባች፣ አንኳኳች። ሦስተኛውን ስታቆም እጇ የከርከሮን አፍንጫ ነካ። ይተነፍሳል! ድንጋዩን ፈነቃቅለው ጎተቱት። ጃርት አንድ ትልቅ የጨው ድንጋይ አየችና ጎንበስ ስትል ምሰሶው አቃሰተ።

«ተዪው! ውጪ!»

ጃርትም ተወችው። ሁሉም ወጡ። ከኋላቸው ጣሪያው እያጓራ ዋሻውን ሞላው።

ከርከሮ ፀሐይ ላይ ተጋደመ። ቀና ብሎም «እመት ፍልፈል፣ እንዴት አልሮጥሽም?» አላት።

«ለመሮጥማ ቸኩዬ ነበር፤ ሮጦ የገባው የባሌ ወንድም ግን አልወጣም» አለች። የከርከሮ ሚስት እጇን ይዛ ሳመችው።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ ትምህርቱ ግን የእናንተ ነው። ከመሬት ሥር ጀግና የሚባለው ቀድሞ የገባው አይደለም፤ የገቡትን ሁሉ ይዞ የወጣው ነው።