አልጠብቅም ያለው ብሎን

ጀልባዬ ተነሳች! «እንሳፈር!» በሉ እንጂ፤ ዝም ካላችሁ ጥያችሁ እሄዳለሁ። እህ፣ እንደዚያ!

ጣና ላይ፣ ከደሴት ወደ ገበያ ሰው የሚያሻግር ይበይን የሚባል ጎረምሳ ነበረ። የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ቆሎ በሁለት እጁ መቀበል። ምነው ሳቃችሁ? ቆሎውን የምትሰጠው እኮ እትዬ ስመኝ ናት፣ የሚወዳት ልጅ የደብሬ እናት! ጀልባው ላይ ቁጭ ትልና «እንካ ልጄ» ብላ ትዘረጋለታለች። እሱ ደግሞ አንድ እጁ የሞተሩ እጀታ ላይ ነው። ነዳጅ የሚሰጠው ያን እጀታ ጠምዝዞ ነው። እጀታው ግን ላልቷል፤ እጁን ካነሳለት ወደ ኋላ ይመለስና ሞተሩ ፑፍ... ፑፍ... ጸጥ! ስለዚህ ምስኪኑ በአንድ እጁ ይቀበላል።

«በአንድ እጅ!» አለች እትዬ ስመኝ። «እኔ እኩያህ ነኝ? የፊታችን ቅዳሜም እንዲህ ከተቀበልከኝ፣ ሽማግሌ ልላክ ብለህ እንዳትደክም!»

ይበይን ደነገጠ። እጀታውን «እባክህ ባለህበት ቁም» ብሎ ለመነው።

«ብሎኑ ካልጠበቀ አልቆምም» አለ እጀታው።

ብሎኑን ለመነው።

«ካቻቢቴ ካላዞረኝ አልጠብቅም» አለ ብሎኑ።

ካቻቢቴው የት ነው? የዶሮ ቤቱ በር ላይ! ራሱ ይበይን መቀርቀሪያ አድርጎ ሰክቶት!

«እኔ ከተነቀልኩ በሩ ይከፈታል፣ ሸለምጥማጥ ይገባል፤ ውሻው ካልጠበቀ አልነቀልም» አለ ካቻቢቴው።

ወደ ውሻው ሄደ። «ካቻቢቴ አልነቀልም አለ፣ ብሎን አልጠብቅም አለ፣ እጀታ አልቆምም አለ፣ እኔም ሚስት ላጣ ነው። ዶሮዎቹን ጠብቅልኝ!»

ውሻው አዛጋ። «ዓሣ ካልበላሁ አልጠብቅም።»

አያችሁልኝ? ብሎኑም አልጠብቅም፣ ውሻውም አልጠብቅም! አንዱ መጥበቅ እምቢ አለ፣ አንዱ መጠበቅ እምቢ አለ፤ ይበይን መሃላቸው ቆሞ ይጠብቃል!

ወደ ዓሣ አጥማጁ ሮጠ። «አያ ቢምረው! ውሻ አልጠብቅም አለ፣ ካቻቢቴ አልነቀልም አለ፣ ብሎን አልጠብቅም አለ፣ እጀታ አልቆምም አለ። አንድ ዓሣ!»

«ቀስ በል፣ አንተ! ማን እንደጠበቀ ማን እንዳልጠበቀ ግራ አጋባኸኝ» አለ አያ ቢምረው። «መረቤን ጉማሬ በጥሶታል፤ ይኸውልህ፣ እሱን ጠይቀው።»

«በክር ካልተሰፋሁ ዓሣ አልይዝም» አለ መረቡ።

ክሩስ? ወይ ጉድ! ክሩ ያለው እትዬ ስመኝ እጅ ነው። በሯ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ይበይን እሷን ማየት ፈርቶ፣ ክሩን አንገቱን ደፍቶ ለመነው።

«እትዬ ካልፈታችኝ አልፈታም» አለ ክሩ።

«ከክር ጋር ነው የምታወራው?» አለች እትዬ ስመኝ። «ከሰው ጋር ማውራትም ተውክ?»

ይበይን ዘረገፈው። «እትዬ፣ ክር አልፈታም አለ፣ መረብ አልይዝም አለ፣ ውሻ አልጠብቅም አለ፣ ካቻቢቴ አልነቀልም አለ፣ ብሎን አልጠብቅም አለ፣ እጀታ አልቆምም አለ፣ እኔም ቆሎዎን በሁለት እጄ መቀበል አቃተኝ!»

 እትዬ ስመኝ እንዝርቷ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። «እኔ እኮ የናቅኸኝ መስሎኝ! ይሄን ሁሉ ከምትዞር ቀድመህ አትነግረኝም? በል እንካ!»

ያን ጊዜ ክር ተፈታ፣ መረብ ተሰፋ፣ ዓሣ ተያዘ፣ ውሻ በላ፣ ውሻ ጠበቀ፣ ካቻቢቴ ተነቀለ፣ ብሎን ጠበቀ፣ እጀታ ቆመ! ይበይን ብሎኑን ያዞረው ሩብ ዙር ብቻ ነው፤ ትንሽ ቢያበዛው እኮ እጀታው አልመለስ ብሎ፣ ጀልባዋ ገበያውን አልፋ ሱዳን ትገባ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ጀልባዋ ወደ ገበያው ዳርቻ ስትቃረብ እትዬ ስመኝ ቆሎውን ዘረጋችለት። ይበይን እጀታውን ለቀቀ። ሞተሩ ዱዱዱዱ ማለቱን አልተወም። ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ ጥርሱን እያሳየ ተቀበለ።

«እሰይ!» አለች። «ብሎኑም ጠበቀ፣ ውሻውም ጠበቀ። አንተስ ልጄን ትጠብቃለህ?»

«እጠብቃለሁ፣ እትዬ!»

«እንደ ውሻው ነው እንደ ብሎኑ?»

«እንደ ውሻው ነቅቼ፣ እንደ ብሎኑ ሳልላላ!»

«በል ሽማግሌህን ላክ» አለች እትዬ ስመኝ። «አሁን ግን እጀታውን ያዝ፣ አንተ! ዳር ያለው የደንገል ሣር ውስጥ ልትከተን ነው!»

እኔ አውርቼ ጨረስኩ፣ እናንተ ስቃችሁ ጨርሱ።