የሐጂ ሙዘሚል ጆሮ

«አታላይ ስትለኝ እኔን ብቻ የሰደብክ መሰለህ? ‹ደህና ነው› ብለው የመሰከሩት ሐጂ ናቸው! በል፣ እሳቸውንም አታላይ በላቸው!»

«እኔ ሐጂን ምን አልኩ እትዬ ረምላ? ዳገት ላይ ፔዳሉን ስረግጥ ክንዱ ቀጭ ይላል ነው ያልኩት። ደህና ብረት ቀጭ አይልም። እያወቅሽ ነው የሰጠሽኝ!»

«ስለ ብረት እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ባሌን ነው። መርሁም ባሌ ሃያ ዓመት ነድቶበታል፤ አንድ ቀን ቀጭ ሲል አልሰማሁም!»

«ሃያ ዓመት ስለነዳበት ይሆናላ ያረጀው!»

ከከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት የወጣው ሰው በብስክሌት መጠገኛው ደጃፍ ቆሞ ጠቡን ያዳምጥ ነበር። ከተማዋ አሮጌ ከተማ ናት። ድሮ በመርከብ የመጡ የእሽቅድምድም ብስክሌቶች በእሷ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። አዲስ ዕቃ ስለማይገኝላቸው ሰው ሁሉ የሚገጥመው አሮጌውን ነው። በተለይ የፔዳል ክንድ የሚባለው፣ ፔዳሉን ጥርስ ከሚባለው፣ ሰንሰለቱን ከሚያዞረው ክብ ጋር የሚያያይዘው የአሉሚኒየም ዘንግ፣ በዓይን ብቻ አይታመንም። ከላይ እንደ መስታወት እያብረቀረቀ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ እጅ ከመለወጡ በፊት የመጠገኛው ባለቤት ሐጂ ሙዘሚል ዘንድ ይመጣል።

ሐጂ ሙዘሚል መጀመሪያ ጥርሶቹን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ወደ አንድ ወገን የተንጋደደ ጥርስ ካገኙ ዕቃውን ለባለቤቱ ይመልሱታል። ከዚያ ክንዱን በሲባጎ አንጠልጥለው በትንሽ የእንጨት መዶሻ ይመቱታል። ደህና ክንድ እንደ ደወል ይጮሃል፤ ድምፁም ቶሎ አይሞትም። የተሰነጠቀው ግን ድፍ ብሎ ይቀራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ጥርት ያለ ነው» ብለው ካለፉት ዕቃ አንዱም አልተሰበረም። ከእሳቸው ቃል በኋላ የሚከራከር ሰው አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ረምላ የሟች ባሏን ብስክሌት ክንድና ጥርስ ለወጣቱ ነጂብ የሰጠችው በዚሁ ቃል ነው። ነጂብም በምትኩ የሟች እናቱን የልብስ ስፌት መኪና ሰጣት። ዛሬ ሦስት ልጆቿን የምታስተዳድረው በዚያች መኪና ነው። ነጂብ ደግሞ በመጪው ዒድ ማግስት በሚደረገው ውድድር የከተማዋን ረጅም ቁልቁለት ሊወርድበት ነው። በዚያ ፍጥነት ላይ ክንዱ ቢሰበር አሽከርካሪው እንደማይተርፍ ሁሉም ያውቃል።

ነጂብ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሲያያቸው ቁጣው በረደ።

«ሐጂ፣ እርስዎ መትተው ሰምተውታል አይደል?»

«መትቼዋለሁ» አሉ ሐጂ።

«እንግዲያው አበቃ። ጆሮዬ አሞኝቶኝ ይሆናል። አፍወ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እትዬ ረምላ፤ እኔ እነዳበታለሁ።»

«አፍወ ብያለሁ» አለች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከቆመው ሰው መሀል አንዱ «ማሻአላህ! ከሐጂ ጆሮ ወዲያ ምን ምስክር አለ?» አለ። ሰውም ሊበተን ተነቃነቀ።

ሐጂ ሙዘሚል ከበርጩማቸው አልተነሱም። መትተውታል፤ እውነት ነው። መስማት ግን ሌላ ነገር ነው። ካለፈው ረመዳን ወዲህ በጆሯቸው ውስጥ የወራጅ ውሃ ድምፅ ገብቶ አልወጣ ብሏቸዋል፤ የቅርብ ንግግር ቢሰሙም ቀጭንና ሩቅ ድምፅ ይሰወርባቸዋል። ለማንም አልነገሩም። ባለፈው ሳምንት ክንዱን ሲመቱት የሰሙት የድሮውን ድምፅ፣ በልባቸው የቀረውን ነበር። አዛን ሊል ሲል ቸኩለው «ጥርት ያለ ነው» አሉ።

አሁን ነፍሲያቸው ቀስ ብላ መከረቻቸው። ልጁ ራሱ እሺ ብሏል። ሴትዮዋ መኪናዋን አታጣም። የአንተም ስም እንደተከበረ ይኖራል። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ላይሰበርም ይችላል።

«አስተግፊሩላህ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ነጂብ፣ ና። ክንዱን ፍታው።»

«ሐጂ፣ አምኜ የለም እንዴ?»

«አንተ አምነህ ይሆናል። እኔ አላመንኩም።»

ክንዱ ሲወጣ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከሩት። ቆይተው አወጡትና በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ጠረጉት። ከዚያ ጠመኔ ፈጭተው ነሰነሱበትና ነጭ ዱቄት የለበሰውን ክንድ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ይህ የጥንቃቄ መንገድ ነው። ጊዜ ስለሚወስድ ጆሯቸውን ማመን ከጀመሩ ወዲህ ትተውት ነበር። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ተደብቆበት ይቆይና ቀስ በቀስ ጠመኔውን ያረጥበዋል።

ክንዱ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ብቅ አለች። እያዩዋት ረዘመች።

«ሱብሓነላህ!» አለ ነጂብ። የሚረግጥበትን እግሩን በእጁ ያዘ።

ረምላ ፊቷ አመድ መሰለ። «ወላሂ አላወቅሁም ሐጂ። መኪናዋን... ዛሬውኑ ላምጣለት።»

«ተቀመጪ እህቴ» አሉ ሐጂ ሙዘሚል። ክንዱን ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረጉት። «ስሙኝ። ይህች ሴት አላታለለችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬ ከረመዳን ወዲህ ደህና አይሰማም፤ ለእናንተ ለመናገር አፍሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእኔ ቃል ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ ነገ መልሶ ያምጣው። በጠመኔ አየዋለሁ።»

ቀጥለው ግድግዳው ጋ የቆመውን የራሳቸውን ብስክሌት ገለበጡ። ከረምላ ሟች ባል ብስክሌት ጋር በአንድ መርከብ የመጣ ነው፤ ለአምስቱም የሶላት ወቅት ዳገቱ ላይ ወዳለው መስጂድ የሚወጡት በእሱ ነበር። ቢስሚላህ ብለው ክንዱን ከነጥርሱ ፈቱት። እሱንም በጋዝና በጠመኔ መረመሩት። ነጭ ሆኖ ቀረ። ለነጂብ አቀበሉት።

«ኧረ ሐጂ፣ እርስዎስ በምን ሊሄዱ ነው? ስህተት ማንንም ያጋጥማል፤ አላህ ለእርጅና አይጠይቅም!»

«ጆሮዬ ቢደክም አይጠይቀኝም» አሉ ሐጂ። «እንደሚሰማ ሆኜ በመመስከሬ ግን ይጠይቀኛል።»

ይህን ቃል ልብ ያለው ልብ ይበል። ሐጂ ሙዘሚል አልዋሹም ነበር። የትናንት ችሎታቸውን ለዛሬ ምስክር አድርገው አቀረቡ እንጂ። ከእኛም መሀል ድሮ ያወቀውን ዛሬም እንደሚያውቅ አድርጎ የሚናገር ስንት አለ! ሰው ሲያምነን ደስ ይለናል። የታመንበት ነገር ግን አማና፣ ማለት አደራ ነው፤ ባለቤቱ «እሺ፣ አምኛለሁ» ስላለ ብቻ ከትከሻችን አይወርድም። ያን ቀን ሁሉም አምኖ ነበር። ያላመነው ባለ ጆሮው ብቻ ነው፤ የልጁን ሕይወት ያተረፈውም ያ አለማመኑ ነው።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። ረምላ አዛን መባሉን በእጇ ምልክት ነገረቻቸው። ሐጂ ሙዘሚል የጋዙን ሽታ ከእጃቸው አጥበው ውዱእ አደረጉ። ክንድ የሌለውን ብስክሌት ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉ። ነጂብ የተሰጠውን ክንድ ገጥሞ «ሐጂ፣ በእኔ ብስክሌት ላይ ይፈናጠጡ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ እሳቸው ዳገቱን በእግራቸው ጀምረውት ነበር።