ቀበሮ ያወራው የጨው ተራራ

አንድ ጊዜ በአንድ ቆላ አገር አራዊቱ የሚልሱት ጨው ሊያልቅ ደረሰ። ግልገሎች ጉልበት ከዳቸው፤ የእናቶችም ጡት ነጠፈ። ሁሉም ተጨንቀው ሳለ ቀበሮና ጅብ ከበረሃው ማዶ መጡ።

ቀበሮ ድኩላን ጠጋ ብሎ ተራራ የሚያህል ጨው እንዳገኙ ነገራት። ለአህያ ማለቂያ የለውም አላት። ለአንበሳ ደግሞ የልጅ ልጅ ልሶ አይጨርሰውም ብሎ ማለለት። ሁሉንም ለየብቻ በጆሯቸው ነገራቸው እንጂ በጉባኤ አልተናገረም። ከርከሮም ከወንዙ ማዶ ቆፍሮ ጨው ማግኘቱን ተናግሮ ነበር፤ ነገር ግን «ጥቂት ነው» ስላለ ማንም አልሰማውም።

አንበሳ መንጋውን ይዞ ወደ በረሃው ገባ። ቀበሮ ግን እግሬን አመመኝ ብሎ አራዊቱ ከሚጠጡበት ምንጭ ዳር ቀረ።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ውሃ የለም። የአህያ ውርንጭላ ተንገዳግዳ ወደቀች። እናቷ ዘወር ስትል ጅብ ምራቁን እያዝረበረበ ከኋላ ሲከተል አየችው። ወደ አንበሳ ሮጠች።

«ጌታዬ፣ ጨው ያገኘ ከፊት ይመራል እንጂ ከኋላ ይከተላል?»

አንበሳ መንጋውን አስቆመና ጅብን መሐል አቆመው።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ራስህ ያየኸውን ብቻ ተናገር።»

«አንድ ድንጋይ ልሻለሁ። ጨው ጨው ይላል።»

«ተራራውስ?»

«ተራራውንማ ቀበሮ ነው የገመተው። ለእኔ የነገረኝ በመንገድ የሚወድቀው ሁሉ የእኔ እንደሚሆን ነው።»

አንበሳ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ መንጋውን መለሰ። ውርንጭላዋ ግን አልተነሣችም። እናቷ ጅብ እንዳይነካት አፈር እስኪያለብሷት ድረስ ከአጠገቧ አልራቀችም።

እንደተመለሱ ምንጩን ለብቻው ይዞ ያገኙትን ቀበሮ አባረሩት፤ ጅብንም ከአገር አስወጡት። ከርከሮ የቆፈረው ጨው ጥቂት ቢሆንም ግልገሎቹን አተረፈ። አንበሳም ሕግ አወጣ፦ ጨው ያገኘ ሁሉ በጉባኤ ፊት ይናገር፤ ቆፍሮ የላሰውን «ልሻለሁ»፣ ከላይ ያየውን «አይቻለሁ»፣ የገመተውንም «ገምቻለሁ» ይበል።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ተነሥቶ «ብዙ ነው» ባለ ቁጥር አህያ «ልሰኸዋል?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱ እስኪሰማም ማንም ከቦታው አይንቀሳቀስም።

ከዚህ የምንማረው በምድር ሆድ ያለ ሀብት አገኘሁ የሚል ሁሉ ያረጋገጠውን ከገመተው ለይቶ፣ ሁሉም በሚያውቀው ቃል በአደባባይ ካልተናገረ፣ መከራው የሚደርሰው ባመነው ላይ መሆኑን ነው።