ጡሩምባ ተራ አይዘልም

አንድ ሰው ነበረ። የመንደር ገዥ ነበረ፤ ሰዎቹም ጓድ ይሉት ነበር።

ልጄ፣ የጠየቅኸኝን ትቼ ሌላ ወሬ የጀመርሁ አይምሰልህ። ነገ ክፍል ገብተህ አገራችንን ስለ ገዛው ኮሚኒስት መሪ ልታስተምር ነው። የዛሬ ጎበዛዝት «ስሙ ያለ አግባብ ጠፍቷል፤ እንደገና ይመዘን» ይላሉ፤ አንተም ልጆቹን ምን ልበላቸው አልኸኝ። ስሰማህ ክው አልሁ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ደግሞ ከሚሉት ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። እንግዲህ ስማኝ።

ይህ ጓድ በተሾመ በመጀመሪያው ዓመት የባለጠጋውን መሬት ወስዶ ለሚያርሱት አካፈለ። በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌ ሳይቀር ፊደል አስቆጠረ። ሕዝቡ እልል አለ፤ ማን እልል አይልም? በሦስተኛው ዓመት ወጣቶች «መሬቱ የእኛ ከሆነ እህሉን ለምን ትወስዳለህ?» ብለው ጠየቁት። በአንድ ሳምንት ሠላሳ አንዱን ገደለ። ለቅሶም ከለከለ። የእድሩን ጡሩምባ ከነፊው እጅ ቀምቶ ቢሮው ውስጥ ቆለፈበት። እናቶች ትራስ ነክሰው አለቀሱ።

ኋላ ሥልጣኑን ተነጥቆ ኮበለለ፤ ጡሩምባውም ለእድሩ ተመለሰ። ዘመን አለፈ፤ ያኔ ያልተወለዱት አደጉ። ጓድ በሰው አገር ሞተ የሚል ወሬ ሲመጣ የእድሩ ዳኛ ገና ወጣት ነበረ፤ የሚያርሰውም ያንኑ የተካፈለውን መሬት ነው። «መሬት የሰጠን እሱ ነው። ጡሩምባ ይነፋለት፣ ድንኳን ይተከልለት» አለ። ብዙዎች አጨበጨቡለት።

ጡሩምባ ነፊው ግን ያው የጥንቱ ሰው ነበረ፤ አርጅቷል። «እነፋለሁ» አለ። «ደንባችንን ግን ታውቃለህ። ጡሩምባ ሟችን በሞተበት ተራ ነው የሚጠራው፤ የፊተኛው ሳይጠራ የኋለኛው አይጠራም።»

«ደንብማ ደንብ ነው» አለ ዳኛው። ሽማግሌው ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው መንደሩ መሀል ቆሞ ነፋ። «የይታክቱ ልጅ አንዳርጌ አርፏል! እድርተኛ፣ ለለቅሶ ውጣ!»

ሰው ደነገጠ። አንዳርጌ ከተገደለ አርባ ዓመቱ ነው፤ ጡሩምባው ከተመለሰ ወዲህም ሌላው ሟች ሁሉ ሲጠራ የእነዚያ የሠላሳ አንዱ ተራ በፍርሃት ተዘሎ ነበር። ሽማግሌው አበደ አሉ። እሱ ግን ደግሞ ነፋ፤ ሁለተኛውን ጠራ፣ ሦስተኛውን ጠራ። ይታክቱ የሚሏት አሮጊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቤቷ ወጣች። በየደጁ በር ይከፈት ጀመር። ስድስተኛው ላይ «የእንግዳው ልጅ ደመላሽ አርፏል!» ሲል ከዳኛው ቤት ጩኸት ተሰማ። እናቱ ናት። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን እየደቃች ወጣች። ዳኛው እናቱ ወንድም እንደነበራት በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ሠላሳ አንዱንም ጠርቶ ሲጨርስ ወደ ዳኛው መጣ። «አሁን የጓድ ተራ ነው። ልንፋ?»

ዳኛው ለጓድ ያስመጣውን ድንኳን እናቱ ደጅ እየተከለ ነበር። «ተራው ከደረሰ ንፋ። ድንኳኑ ግን ከእናቴ ደጅ አይነሣም» አለ።

ሽማግሌው ነፋለት፤ ስሙንም ጠራ። የሰማው ግን አልነበረም፤ መንደሩ በሌላ ለቅሶ ተይዞ ነበር።

ልጄ፣ መንደሩ ይህ አገራችን ነው፤ ጡሩምባውም ያንተ አፍ ነው። መሬት መስጠቱን አትሸሽግ፤ ፊደል ማስቆጠሩንም አትካድ። ውሸት ለሙታን አይጠቅማቸውም። ይመዘን ማለታቸውም ባልከፋ። ነገር ግን ያልተለቀሰላቸው እያሉ የእሱን ሙገሳ ካስቀደምህ፣ አንተም ጡሩምባውን ቀምተህ ቆለፍህበት ማለት ነው። መምህር ክፍል ሲገባ አስቀድሞ ስም አይጠራም? ነገም ከዚያው ጀምር።

ዛሬ ግን ቤትህ ስትገባ እናትህን ጠይቃት። በእናንተም ቤት ያልተጠራ ስም እንዳለ እኔ አውቃለሁ።