በር ላይ የተለካ አቧራ

አንድ ባለወፍጮ ነበረ። ወንበሩ በር ላይ ነው፤ ነፋሱ እየዳሰሰው ይውላል። ውስጥ ደግሞ ስንሻው የሚባል ሠራተኛ አለው፤ ጆንያ ተሸክሞ በወፍጮው አፍ እህሉን የሚያፈስስ።

ስንሻው ማሳል ጀመረ። «ጋሼ፣ ብናኙ ደረቴን ዘጋው። ግድግዳውን በስተኋላ ትንሽ እንክፈተው» አለ።

ባለወፍጮው ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ነፋስ ከገባ ዱቄቱ ይበናል፤ ዱቄት ከጎደለ ገበያተኛ ይጣላል። «እኔስ እዚሁ አይደለሁም እንዴ? የምንተነፍሰው አንድ አየር ነው» አለ። እውነቱን ልይ ብሎም እርጥብ ጨርቅ ከወንበሩ በላይ ሰቀለ። ማታ ቢያየው ጥቂት ነጣ ብሏል እንጂ ሌላ የለበትም።

«ይኸው፣ ይህችን ታህል ናት።»

እህል ያመጣች ሴት ሳቀች። «አይ ስንሻው! በርበሬ ሲፈጭ ዝም ያልክ ሰውዬ፣ በጤፍ ታለቅሳለህ?»

ስንሻው ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ውስጥ ገባ። መመለስም ትንፋሽ ይጠይቃል።

ክረምቱ ሳይወጣ አልጋ ያዘ። በገበያ ቀን የሚተካው ሰው ሲጠፋ፣ ባለወፍጮው ራሱ አፍና አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ አስሮ ገባ። ጆንያ ሲያነሣ አለከለከ። ሲያለከልክ ያንን አየር ውኃ እንደ ጠማው ሰው ጎነጨው። እኩለ ቀን ላይ ጨርቁን ፈታ። ሊጥ ሆኗል፤ በአፉ ልክ የተለጠፈ ሊጥ። በጣቱ ነካ አደረገውና ወፍጮውን አጠፋ። ገበያተኛው እያጉረመረመ፣ እሱ ዶማ አንሥቶ ግድግዳውን ናደው።

ከዚያ ስንሻው ቤት ሄደ።

«ከፈትኩት» አለው።

ስንሻው ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከረና ተወው። «እሰይ ጋሼ» አለ። «ለሚመጣው ሰው ይሁነው።»

እንግዲህ ልጄ፣ ባልሽ ከድንጋይ መፍጫው ሥራ እያሳለ ይመጣል፤ አቧራውን ሊለኩ የመጡት ደግሞ «አቧራው ጥቂት ነው» አሉሽ። ማንን ልመን ብለሽ ጠየቅሽኝ። መሣሪያቸው አልዋሸም ይሆናል። ግን የት ቆመው ለኩ? የግቢው በር ላይ። በር ድንጋይ አይሸከምም፤ በር አያለከልክም። ወንዙን ያየ ሰው፣ የተጠማው ምን ያህል እንደጠጣ በምን ያውቃል? መሣሪያውን ከባልሽ አንገት ሥር ያንጠልጥሉት፤ ከጠዋት እስከ መውጫው አብሮት ይልፋ። ያን ጊዜ የሚሉትን እንሰማለን።

ሂጂና ንገሪያቸው። ገና በእግሩ ቆሞ ሳለ ሂጂ።